ደረጃ 4 ይዤ በኦንላይን የመንገድ ምህንድስና ማስተርስ ልማር?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። በመንገድ ሥራ ደረጃ 4 ጨርሼ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፌያለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ተቋራጭ ላቦራቶሪ የማቴሪያል ቴክኒሺያን ሆኜ እየሠራሁ ነው። ቴሌግራም ላይ ‹የመንገድ ምህንድስናና ግንባታ ማስተርስ፣ በስድስት ወር፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን፣ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው› የሚል የአንድ የውጭ ተቋም ማስታወቂያ አየሁ። ክፍያው 1,800 ዶላር ነው። ድርጅቴ ግማሹን እችላለሁ ብሎኛል። ዲግሪ ባይኖረኝም የሥራ ልምዴ በቂ እንደሆነ ነገሩኝ። እዚህ አገር ይቀበሉታል? ለመሆኑ መንገድ በኦንላይን ይማሩታል? በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ? ላፕቶፕስ ልግዛ ወይስ ስልክ ይበቃል?»

1,800 ዶላሩን አትክፈዪ። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ምክንያቱ ልሂድ። ኦንላይን ትምህርት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ለመንገድ ሰው በጣም የሚጠቅም የኦንላይን ትምህርት አለ፣ እመጣበታለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ይህ የቀረበልሽ ነገር አንቺ የምትፈልጊውን አይሰጥሽም።

አንቺ የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። ዕውቀትና ወረቀት። ማስታወቂያው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ሸጠልሽ። እኔ ለየብቻ ላያቸው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ማስተርስ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ከሱ በፊት የመጀመሪያ ዲግሪ መኖር አለበት። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ እንግሊዝ አገር፣ ረጅም የሥራ ልምድ ያለውን ሰው ያለ መጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበሉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ልምድሽ በቂ ነው» ያሉሽ ሰዎች ከመሬት ተነስተው ዋሹ አልልም። ነገር ግን ያንን ወረቀት ይዘሽ እዚህ አገር ስትቀርቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «የመጀመሪያ ዲግሪሽስ?» ነው። የውጭ አገር ማስረጃን አይቶ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። መሐንዲስ ተብሎ ለመመዝገብም መነሻው በዘርፉ የተያዘ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። መሠረቱ የሌለበት ማስተርስ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ይሆናል፣ የቅጥር ፎርም ላይ ግን ቦታ አያገኝም።

«ዓለም አቀፍ ዕውቅና» የሚለውንም እንየው። የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም። ዩኔስኮም ይህን አያደርግም። ዕውቅና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ያለበት አገር ነው። ከዚያ እኛ አገር ያንን አይተን እንቀበላለን ወይም አንቀበልም። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ስታዪ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «የትኛው አገር? የትኛው መሥሪያ ቤት?» የሚል ነው። መልሱ ሰምተሽው የማታውቂው ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ያለው ማኅበር ከሆነ ራሳቸው ያቋቋሙት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እውነተኛ፣ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ሆኖም ማስተርሱ እውነተኛ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በስፔን አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት ማስተርስ ይሰጣል። አንዱ መንግሥት ያጸደቀው ነው፣ እስከ ዶክትሬት ያስቀጥላል። ሌላው ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሥልጣን የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ለባለሙያ ማሻሻያ የተዘጋጀ ሲሆን ይዘቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። በደረጃ ግን ከመጀመሪያው ጋር እኩል አይደለም። በኦንላይን በብዛት የሚተዋወቁት የመንገድ ግንባታ «ስፔሻሊስት» ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። አሻሻጩ ይህን አይነግርሽም። አንቺ ካልጠየቅሽ ማለቴ ነው።

የስድስት ወሩን ነገር ደግሞ በቁጥር እንየው። በአውሮፓ አሠራር አንድ የማስተርስ ፕሮግራም ቢያንስ 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። በአጠቃላይ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ማለት ነው። ይህን በ26 ሳምንት ብትከፍዪው በሳምንት ወደ 60 ሰዓት ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ሳይት ውለሽ፣ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተሰልፈሽ ቤት የምትገቢ ሰው ነሽ። በሳምንት 12 ሰዓት ካገኘሽ ራሱ ጎበዝ ነሽ። በዚያ ፍጥነት 1,500 ሰዓት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ወይ ትምህርቱ ማስተርስ የሚያህል አይደለም፣ ወይ አንቺ አትጨርሽውም። ሦስተኛ አማራጭ አይታየኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሄዷል። በዶላር የተተመነ ትምህርት በየክፍያው ዋጋው ሊለወጥብሽ ይችላል። ክፍያውም በባንክ፣ ከተቋሙ በተላከ የክፍያ መጠየቂያ፣ በተቋሙ ስም ይሁን። «ለወኪላችን በግል አካውንት አስገቢ» ካሉሽ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

አሁን ወደ ዕውቀቱ። መንገድ በኦንላይን ይማሩታል ወይ?

ግማሹን አዎ። እንዲያውም አንዳንዱን ከክፍል ይሻላል። የመንገድ ቅርጽ ዲዛይን፣ የትራፊክ ጥናት፣ የፍሳሽ ስሌት፣ የአስፋልት ንጣፍ ውፍረት ስሌት፣ የውል አስተዳደር፣ እነዚህ ሁሉ በወረቀትና በኮምፒውተር የሚሠሩ ናቸው። ቪዲዮውን ታቆሚያለሽ፣ ትመልሺያለሽ፣ ትደግሚያለሽ። በኦንላይን የማይገኘው እጅ ነው። ናሙና መውሰድ፣ አፈሩን በጣት ማሸት፣ ሮለር ሲያልፍ መሬቱ ሲወዛወዝ ማየት። ብዙ የኦንላይን ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። አንቺ ግን ይህ በእጅሽ አለ። ለሲቢአር (የአፈር የመሸከም አቅም ፈተና) ናሙናውን ለ96 ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ ለጠቀጠቃ ፈተናው ፕሮክተር መትተሽ፣ የሳይት ጥግግት በአሸዋ ለክተሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ማስተርስ ካለው ከብዙ ሰው የምትበልጪበት ነገር ነው፣ አታቃልዪው።

የጎደለሽ «ለምን» የሚለው ነው። በሠፈርሽ ምሳሌ ላስረዳሽ።

ከአቃቂ እስከ ኮዬ፣ በቦሌ ለሚ፣ በለቡና በሰበታ በኩል ጥቁር ዋልካ በብዛት አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህን ገበሬውም ያውቃል። እዚህ ሠፈር አስፋልት ከተነጠፈ በሁለተኛው በጋ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ከትከሻው ጋር ትይዩ የሆነ ረጅም ስንጥቅ ታያለሽ። ፎርማኑ «ጠቀጠቃው ደካማ ነበር» ይላል። አንቺም የላብ ውጤትሽን አውጥተሽ ጠቀጠቃው 95 ከመቶ አልፏል ትያለሽ። ሁለታችሁም እውነት ትናገራላችሁ፣ መልሱ ግን ሌላ ቦታ ነው። አስፋልቱ ሥር መሐል ላይ ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ጠርዙ ላይ ያለው ግን ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። መሐሉ ባለበት ሆኖ ጠርዙ ሲሸሽ መንገዱ ይቀደዳል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ከተተከለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ሥሩ ውኃውን ይመጥጠዋልና። ከዚያ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በስንጥቁ ይወርዳል። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ተጨማሪ ልበል። ዋልካን በደረቁ ጠቅጥቀሽ ጥግግቱን ብትጨምሪ ውኃ ሲያገኝ ይበልጥ ያብጣል። ማለትም በሌላ አፈር ላይ «ጥሩ» የሚባለው ቁጥር እዚህ ላይ ጉዳት ሊሆን ይችላል። የእርጥበት መጠኑ ከጥግግቱ ባልተናነሰ መጠበቅ አለበት። ይህን የተረዳ ቴክኒሺያን ውጤት መዝግቦ ብቻ አይቆምም። ቦዩ ከመንገዱ ግርጌ ይራቅ፣ ትከሻው ይሸፈን፣ ዋልካው ይህን ያህል ተቆርጦ በገረጋንቲ ይተካ ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ቴክኒሺያንና መሐንዲስ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

ወይም ጭነቱን ተመልከቺ። በዲዛይን ስሌት መለኪያው 8.16 ቶን የተሸከመ አንድ አክስል (የመኪና ጎማዎች የሚያያዙበት ዘንግ) ነው። የኢትዮጵያ የንጣፍ ዲዛይን ማንዋል ጉዳቱን የሚያሰላው ጭነቱ የመለኪያው ስንት እጥፍ እንደሆነ ወስዶ በ4.5 ርቢ ከፍ በማድረግ ነው። 13 ቶን የተሸከመ አክስል ጭነቱ የመለኪያው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ጉዳቱ ግን ስምንት እጥፍ ነው። ድንጋይና አሸዋ ጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየም ሳይቶች የሚመላለሰው ሲኖትራክ መንገዱን ምን እንደሚያደርገው አሁን በቁጥር አየሽው። ይህን ስሌት ለመማር 1,800 ዶላር አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ስለ ውጭ ፕሮግራሞች አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚያስተምሩት የራሳቸውን መንገድ ነው። የበረዶ መቀዝቀዝ የሚያመጣው ጉዳት አንድ ምዕራፍ ይወስዳል። ስለ ሲንደር፣ ማለትም ከቢሾፍቱ መስመር ስለሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አንድም ገጽ ላታገኚ ትችያለሽ። ሲንደር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሮለር ሲሄድበት ይሰባበራል፣ ስለዚህ ካባው ላይ የወሰድሽው የጠጠር መጠን ስብጥርና ከጠቀጠቃ በኋላ ያለው አንድ አይደሉም። ደቃቅ አፈር ሲቀየጥበት እንደሚሻሻል እዚሁ አገር ውስጥ ከእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር በተሠራ ጥናት ታይቷል። ይህ ዕውቀት የኛ ነው፣ ከማድሪድ ወይም ከለንደን ሌክቸር አትጠብቂው።

ስለዚህ መነሻ መጽሐፍሽ የኢትዮጵያ መንገዶች ማንዋሎች ይሁኑ። የንጣፍ ዲዛይን፣ የፍሳሽ ዲዛይን፣ የቦታ ጥናት፣ አነስተኛ ትራፊክ ላላቸው መንገዶች የተዘጋጁት፣ ሁሉም አሉ። 2013 እ.ኤ.አ. የታተሙትን ፈልጊ። የንጣፍ ማንዋሉ የመሠረት አፈርን በሲቢአር ከኤስ1 እስከ ኤስ6 ይከፍለዋል። ኤስ1 ማለት ሲቢአሩ ዝቅተኛ የሆነው፣ ደካማው አፈር ነው። የምትሠሪው ዋልካ ብዙ ጊዜ እዚያ ታች ነው የሚውለው። የራስሽን የላብ ውጤት አውጪና በማንዋሉ ውፍረቱን ስሪው። ከዚያ ተቋራጩ እየሠራ ካለው ጋር አነጻጽሪ። ለምን እንደተለያየ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቂው። መጀመሪያ ሊቆጣሽ ይችላል። ግድ የለም።

ጎን ለጎን የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች በኤንፒቴል (የኢንተርኔት መማሪያቸው) በኩል የለቀቋቸው የሃይዌይ ምህንድስናና የአፈር መካኒክስ ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ። እንግሊዝኛቸው መጀመሪያ ጆሮ ያስቸግራል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይለመዳል። የሒሳብ መሠረትሽ ከላላ ግን ከዚያ በፊት ካልኩለስ ላይ ቁጭ በዪ። ደረጃ 4 የጨረሱ ብዙ ጎበዞች ዲግሪ ሲጀምሩ የሚሰናከሉት በአስፋልት አይደለም፣ በሒሳብና በስትራክቸር ነው።

አሁን «በእኔ ቦታ ቢሆኑ» ላልሽው። እኔ ብሆን በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ፣ እዚሁ አገር እጀምራለሁ። አዎ፣ ይረዝማል። በመደበኛው አምስት ዓመት የሚፈጅ ነው፣ በማታ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። 26 ዓመት ለዚህ አልረፈደም። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ በየዘርፉ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ይወስዱታል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ይህን ስታልፊ «ዲግሪሽ እውነተኛ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

ተቋም ስትመርጪ ተጠንቀቂ። እዚህ አገር ለግል ኮሌጅ ዕውቅና የሚሰጠው በጥቅሉ አይደለም፤ ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት ዘርፉና ለየአሰጣጡ ነው። ስሙ ትልቅ የሆነ ኮሌጅ በመሐል ከተማው ካምፓስ በቀን ለሚሰጠው ሲቪል ዕውቅና ኖሮት፣ ቃሊቲ ላለው ቅርንጫፉ የማታ ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ቀኑን አይተሽ አንብቢ፣ ከዚያ ባለሥልጣኑ ጋር ሄደሽ አረጋግጪ። በደረጃ 4 የሚያስገባ የመግቢያ መስፈርት ምን እንደሆነ፣ የተማርሽው የሚያዝልሽ ኮርስ ካለም በጽሑፍ አስመልሺ። ሬጅስትራሩ በቃል «ችግር የለውም» ካለሽ ችግር አለው።

አቃቂ የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ የዩኒሳ ማዕከል አለ፣ ለሠፈርሽም ቅርብ ነው። ሰዎች «እሱስ?» ይሉኛል። ማዕከሉ ያተኮረው በድኅረ ምረቃ ላይ ነው፣ አሁን ላለሽበት ደረጃ አይሆንም። አለምገና ያለው የመንገዶች ማሠልጠኛ ደግሞ ለቴክኒሺያንና ለማሽን ኦፕሬተር ጥሩ ነው። ድርጅትሽ አጫጭር ሥልጠና ሊያስገባሽ ከቻለ እንቢ አትበዪ። ዲግሪ ግን አይደለም።

በኦንላይን ማስተርስ የመማር ነገር ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ይምጣ። ያኔ እኔም አበረታታሻለሁ። ያኔ የምትጠይቂው ይህን ነው፦ ፕሮግራሙ በአገሩ መንግሥት የጸደቀ ማስተርስ ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው በራሱ የሚሰጠው? የጸደቀው የካምፓሱ ብቻ ነው ወይስ የኦንላይኑም? አንዳንዴ የካምፓሱ ዕውቅና ለኦንላይኑ አይደርስም። ፈተናው እንዴት ነው የሚሰጠው? የመመረቂያ ጥናት አለው? አማካሪው ማን ነው? ከመክፈልሽ በፊትም የፕሮግራሙን ስምና ካሪኩለም ይዘሽ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሂጂና አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ጠይቂ። ከተመረቁ በኋላ መጠየቅ ብዙ ሰው አስለቅሷል።

የማኔጅመንት ደረጃ ላይ ለሚገኝ፣ ዲግሪና የሙያ ምዝገባ ላለው መሐንዲስ ግን ያ ዩኒቨርሲቲው በራሱ የሚሰጠው ዓይነት ኮርስ እንኳ ሊጠቅም ይችላል። የዋሻ ሥራ፣ የመንገድ ሀብት አስተዳደር፣ የውል ክርክር፣ እነዚህን የሚያስተምር ሰው እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ወረቀቱን ሳይሆን ትምህርቱን ፈልጎ የሚከፍል ሰው አይሞኝም። አንቺ ግን አሁን ወረቀቱም ያስፈልግሻል።

ድርጅትሽ ግማሹን እከፍላለሁ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዳያመልጥሽ። ለኦንላይኑ ሊከፍል ያሰበውን ለማታው ዲግሪ እንዲያዞርልሽ ጠይቂ። ገንዘቡ ከከበደው ደግሞ ሰዓት ይስጥሽ። ማታ ክፍል ባለሽ ቀን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከሳይት መውጣት ለአንቺ ከገንዘቡ ሊበልጥ ይችላል፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ዓመት ልታገለግዪ እንደምትገደጂ፣ ፕሮጀክቱ ቢያልቅ ወይም ወደ ክፍለ ሀገር ቢያዛውሩሽ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። ተቋራጭ ፕሮጀክት ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚረሳው እንዲህ ያለውን ቃል ነው።

ላፕቶፑን ግዢ፣ ግን ዛሬ አይደለም። ለማንዋልና ለቪዲዮ ስልክሽ ለጥቂት ወራት ይበቃል፤ ቪዲዮውን ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርደሽ ያዢ፣ መብራት ሲጠፋም እንድታዪው። ዲግሪውን ስትጀምሪ ሲቪል ስሪዲ የተባለውን የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር የሚከፍት ማሽን ያስፈልግሻል። 16 ጊጋ ራም ያለው ይሁን፣ ከዚያ በታች አትውረጂ። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ባትሪውን ግን ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ቻርጀሩን ነቅለሽ ፈትሺ። ሶፍትዌሩን ከመርካቶ ፍላሽ አታስጭኚ፤ ሠሪው ኩባንያ አውቶዴስክ ለተማሪ በነጻ፣ በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ ይሰጠዋል። በተቋሙ መመዝገብሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቅሻል።